ቁርሳቸውን የበላሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለእናቴ እንኳ ሙሉውን ለመንገር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ለእናንተ ግን አንዴ ከጀመርኩ ሳልደብቅ እጨርሰዋለሁ። እያነበባችሁ የምትናደዱብኝ ቦታ ይኖራል። ተናደዱ፤ እኔም እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እስካሁን በራሴ እናደዳለሁ።

ሊዲያ እባላለሁ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ የመጣነው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሲሆን፣ ከዚያ ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ አፓርታማ ውስጥ ከበላያችን የሚኖረውን ጎረቤት ኮቴ እየሰማን ኖረናል። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ባዮሎጂ እማር ነበር። መሆን የምፈልገው ፊዚሺያን አሲስታንት ነው፤ ከሐኪም ጋር እየሠራ በሽተኛ የሚመረምር፣ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ማለት ነው። እናቴ ለጓደኞቿ ስታስረዳ "ዶክተር ለመሆን ትንሽ የቀራት" ትላለች። ላርማት ሞክሬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጥሩ ውጤት ብቻ አይበቃቸውም። ከማመልከትሽ በፊት በሽተኛ በእጅሽ የረዳሽበትን ሰዓት ቆጥረሽ አምጪ ይላሉ። እኔ የተመኘሁት ትምህርት ቤት አንድ ሺህ ሰዓት ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ አለቃሽ የምትጽፈው የምስክርነት ደብዳቤ። መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስምንት ወር ሠራሁ። ኋላ ደውዬ ስጠይቅ "ስልክ ማንሳት በሽተኛ መርዳት አይደለም" ብለው አንዷንም ሰዓት አልቆጠሩልኝም። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ የነርስ ረዳትነት ኮርስ ወሰድኩና አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተቀጠርኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ በጠዋቱ የመኪና ሰልፍ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ አትወቁት።

እዚያ ነው እማማ አስካለን ያገኘኋቸው።

እማማ አስካለ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው፣ ልጃቸው ጽዮን ደግሞ ውድብሪጅ እየኖረች ሁለት ሥራ ስለምትሠራ፣ ሁለቱም አልቅሰው ነው እዚያ የገቡት። እንግሊዝኛቸው "ታንክ ዩ" እና "ኖ ፖርክ" ላይ ያበቃል። እኔ ስቀጠር የቤቱ ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት እሳቸው የእኔ ሆኑ፤ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርስ አቀርብላቸዋለሁ፣ ምን ያህል እንደበሉ ታብሌት ላይ እሞላለሁ። ምንም፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሁሉንም እያለ ይጠይቃል፤ አንዱን መንካት ነው።

በመስከረም አንድ ጠዋት ስለ ክሊኒኩ የተቃጠለ ሰዓቴ ሳወራቸው እንባዬ መጣ። እሳቸው ፀጉሬን ዳበስ አደረጉና፣ "ስንት ቀረሽ?" አሉኝ።

"አራት መቶ ምናምን፣ እማማ።"

"እሷማ ምን አላት። እኔም ለሚሰማው እነግርልሻለሁ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳቸው ላይ ያለው ካላንደር የእኔ ሒሳብ መዝገብ ሆነ። በየቀኑ "ስንት ቀረሽ?" ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ በእርሳስ ይጽፉታል። እኔ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የማየው።

ጥቅምት ሊገባ ሲል አንድ ሰኞ ቁርስ ይዤ ስገባ ሳህኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"ሊዲያዬ፣ ይህን ውሰጂልኝ።"

"ምነው እማማ፣ አሞዎት ነው?"

"አላመመኝም። ጾም ነው።"

"አሁን ደግሞ ምን ጾም አለ?"

"የጽጌ ጾም ነዋ! እናንተ እዚህ አገር ያደጋችሁ ልጆች ከሁዳዴ ሌላ የምታውቁት ነገር የለም።"

"እሱ እኮ የፈቃድ ነው፤ እናቴም አንዳንዴ ነው የምትጾመው። እርስዎ ደግሞ ስኳር አለብዎት። ንስሐ አባትዎስ ይፈቅዳሉ?"

"እሱን ለእኔ ተይው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ምሳዬን እዚሁ አስቀምጪልኝና በዘጠኝ ሰዓት እበላዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ በጠዋት እበላለሁ። ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለው?"

"ነርሷ ትጠይቀኛለች እኮ።"

"በላች በያታ! አልበላችም ካልሽ ለጽዮን ይደውላሉ፤ ጽዮን ሥራዋን ጥላ ስትበር ትመጣለች። ልጄ አይደለሽም እንዴ?"

ልጄ አይደለሽም እንዴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? በቤታችን ትልቅ ሰው "ጾም ነው" ካለ ነገሩ አለቀ። እናቴ ደም ግፊት እያለባት አንድም ረቡዕ አንድም ዓርብ ሳትጾም አልፋ አታውቅም፤ "ብይ" ያላት ሰው የለም። ስለ ጣፊያ፣ ስለ ቆሽት፣ ስለ ስኳር በሽታ ፈተና ላይ ገጽ ሙሉ ጽፌ ሙሉ ውጤት አግኝቻለሁ። ያ እውቀት ግን ኮሌጅ ነው የሚቀመጠው፤ እማማ አስካለ ክፍል ውስጥ የምገባው የእናቴ ልጅ ሆኜ ነበር።

አንድ ችግር ቀረ። ሳህኑ ሙሉ ሆኖ ከተመለሰ ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ ታያለች። እኔ ደግሞ ከንጋት በፊት ከቤት ወጥቼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ሆዴ ሲጮህ ነው የምደርሰው። እንቁላሉ ትኩስ ነው፣ ዳቦው ቅቤ ተቀብቷል።

በላሁት።

እማማ አስካለ አልጋቸው ላይ ሆነው ሳቁ። "ብዪ፣ ብዪ! አንቺ ስትበዪ ሳይ እኔ እጠግባለሁ" አሉኝ። እኔም ታብሌቱን ከፍቼ "ሁሉንም" የሚለውን ነካሁ። ሐሰት እንዳልጻፍኩ ለራሴ ነገርኩት፤ ምግቡ ተበልቷል፣ ማን እንደበላው የሚጠይቅ ቦታ የለም። ሳስበው እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። እንዲህ እያልን ሦስተኛው ሳምንት ደረሰ፤ እሳቸው ሲጾሙ እኔ ስወፍር።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልውሰዳችሁ።

ረቡዕ ፈተና ስለነበረብኝ አልገባሁም። ሐሙስ ድልድዩ ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘጋና ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ደረስኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስንቀበል ነርሷ ስለ እያንዳንዱ አረጋዊ አዲስ ነገር ካለ ለአሥር ደቂቃ ያህል ትነግረናለች። እኔ ስገባ ያ ስብሰባ አልቆ ሁሉም ተበትኗል። አዲስ ነገር በጽሑፍም ይለጠፋል፤ እሱን ላንብብ ብዬ ሳላነብ የሌላ አረጋዊ ገላ ለማጠብ ሮጥኩ።

የእማማ አስካለን ቁርስ ይዤ ስገባ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር።

"ደግሞ ዛሬ በመርፌ ወጉኝ" አሉኝ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው።

"አይዞዎት፣ የጉንፋን ክትባት ነው። ሁሉንም እየከተቡ ነው ያሉት።"

እውነትም በዚያ ሳምንት ቤቱን በሙሉ ሲከትቡ ሰንብተዋል። "የትዎን ነው የወጉዎት?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሆዳቸውን ያሳዩኝ ነበር። የጉንፋን ክትባት ሆድ ላይ እንደማይወጋ አውቃለሁ። አልጠየቅኩም። እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነበር።

በላሁ። "ሁሉንም" የሚለውን ነካሁ። "ስንት ቀረሽ?" አሉኝ። "ሦስት መቶ ስድሳ" አልኳቸው። ጻፉት። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወደ አዳራሹ ለእንቅስቃሴ ልወስዳቸው ተመልሼ ገባሁ። እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ነጠላው መሬት ወድቋል። ቀሚሳቸው ከአንገት እስከ ደረት በላብ ርሷል። ክፍሉ ግን ሞቃት አልነበረም።

"እማማ?"

ቀና ብለው አዩኝ፤ ግን እኔን አላዩም። "አስቴር፣ በሩን ዝጊው" አሉ፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ እየተንሸራተተ። አስቴር ከሞቱ ሃያ ዓመት ያለፋቸው እህታቸው ናቸው፤ ስለሳቸው ብዙ ጊዜ አውርተውኛል።

"እማማ፣ ሊዲያ ነኝ። እጄን ይያዙኝ።"

ግራ እጃቸውን አንስቼ ስለቀው ጭናቸው ላይ ወደቀ። የመጥሪያውን ገመድ ሳብኩ፤ አልበቃኝም፣ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ጮህኩ።

ሚስ ፋትማታ እየሮጠች መጣች። ሚስ ፋትማታ የጠዋቷ ነርስ ናት፤ ከሴራሊዮን የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ከሥራ በቀር የማታወራ ሴት። የምስክርነት ደብዳቤዬን የምትጽፈው እሷ ነበረች። ባለፈው ሳምንት "እንዳንቺ ጥንቁቅ ልጅ አላየሁም፤ እጽፍልሻለሁ" ብላኝ ደስታዬን ለእናቴ ለመንገር ቤት እስክደርስ አልጠበቅኩም።

ዓይናቸውን ገልጣ አየች። "ፈገግ በይልኝ በያት" አለችኝ። ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። ከንፈራቸው በአንድ በኩል ወደ ታች ወርዷል።

"ደህና ሆና ያየሻት መቼ ነው?"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።"

"ቁርስ በላች?"

"አዎ።"

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ቦታ ላይ ነው በራሴ የምናደደው። አላሰብኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ታብሌት ላይ ስነካው የኖርኩት መልስ በራሱ ጊዜ ከአፌ ወጣ።

"ምን ያህል?"

"ሁሉንም።"

"በቃ ስኳር አይደለም፤ ጠዋት ለክቼላታለሁ፣ ኢንሱሊኗን ወግቻታለሁ፣ በልታለች። ስትሮክ ነው። አጠገቧ ሁኚ፣ አምቡላንስ ልጥራ" አለችና ወደ በሩ ዞረች።

"ምን ወጋሻት?"

"ኢንሱሊን። የማታ ስኳሯ ከፍ እያለ ስላስቸገረ ሐኪሙ ትናንት አዘዘላት። ቁርሷን በደንብ ስለምትበላ ከቁርስ ጋር ይሰጣት አለ። ጠዋት ሪፖርት ላይ አልነበርሽም እንዴ?"

ክው አልኩ። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾመው በዘጠኝ ሰዓትና በማታ ደራርበው ስለሚበሉ ነው የማታ ስኳራቸው የሚወጣው። ሐኪሙ ያንን አያውቅም። ሐኪሙ የሚያውቀው የእኔን "ሁሉንም" ነው። መርፌውን ያዘዘው እኔ የጻፍኩትን አይቶ ነው። ምግብ በሌለበት ሆድ ያ መርፌ ስኳርን እስከ ሞት ድረስ እንደሚያወርድ ደግሞ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም፤ ገጽ ሙሉ ጽፌበታለሁ ብያችሁ የለ።

አሁን ልናገር የምፈራውን ልንገራችሁ። ወዲያው አልተናገርኩም። ሚስ ፋትማታ በሩን አልፋ ኮሪደሩን ይዛ ስትሄድ ጫማዋ ሲጮህ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ቆሜአለሁ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት እማማ አስካለን አልነበረም። ደብዳቤውን ነበር። ስድስት መቶ አርባ ሰዓቴን ነበር። እናቴን ነበር። "የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሲመጡ ለክተው ያገኙታል፣ እኔ ባልናገርም ይታወቃል" የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ መጣብኝ ብቻ ሳይሆን ደስ አለኝ። እንደዚያ ዓይነት ሰው መሆኔን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

እማማ አስካለ አንገታቸው ወደ ጎን ዘመመና ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ አወጡ። እኔ ወደ ኋላ ሸሽቼ ግድግዳውን ያዝኩ። እጄ ያረፈው ካላንደሩ ላይ ነበር። "360" ይላል፣ በሚንቀጠቀጥ የእርሳስ ጽሑፍ።

ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። "ሚስ ፋትማታ! አልበሉም!"

ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ዞረች።

"ምንም አልበሉም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ቁርሳቸውን የበላሁት እኔ ነኝ።"

ፊቷን አልረሳውም። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም፤ ለአንድ አፍታ ብቻ የማታውቀው ሰው ፊቷ እንደቆመ ሁሉ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን ለሌላ ሠራተኛ ወርውራ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች በአጠገቤ አለፈች። ጣታቸውን ወግታ ለካች። መሣሪያው ላይ የወጣው ቁጥር ሃያ ስምንት ነበር። ጤነኛ ሰው ከሰባ በታች አይወርድም።

"ልብሷን ግለጪ። ጭኗን!"

ገለጥኩ። ስኳርን ከጉበት ወደ ደም የሚያወጣ መርፌ አለ፤ እሱን በጥብጣ ወጋቻቸው። በጎናቸው አስተኛናቸው። ከዚያ መጠበቅ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መጠበቅ ጠብቄ አላውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክኬ እጃቸውን ይዤ፣ "እማማ፣ እባክዎን፣ እማማ፣ እባክዎን" እላለሁ። ሚስ ፋትማታ ሰዓቷን ታያለች።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ገቡ፣ እማማ እጅ ላይ መርፌ ተክለው ስኳር ለቀቁባቸው። መጀመሪያ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይናቸው ተገለጠ። ክፍሉን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ አዩና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሊዲያ" አሉኝ በደካማ ድምፅ። "ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?"

ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማላውቀው ነገር ከደረቴ ወጣ።

ይዘዋቸው ከሄዱ በኋላ ሚስ ፋትማታ ቢሮ አስገባችኝ። ባጄን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። "እኔም ሳልለካ አልቀርም ነበር" አለች። "ግን መቼ? አምስት ደቂቃ ቆይቼ? አሥር? ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆኛለሁ፤ በእጄ ሰው ሞቶብኝ አያውቅም። መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ የጻፍሽውን አምኜ። ዛሬ ልታስገድይኝ ነበር።"

ባጄን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን ሳላስነሳ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ስልኬ ጠራ፤ ጽዮን ናት። "ሆስፒታል ነኝ። ነይ" አለችና ዘጋችው።

ስደርስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ የሆቴል ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም። "እናቴን ልትገያት ነበር" አለችኝ። "እኔ እንቅልፍ የምተኛው እዚያ ቤት የሀበሻ ልጅ አለች ብዬ ነበር። ታውቂያለሽ? አንቺ አለሽ ብዬ!"

"አውቃለሁ" አልኳት። አላውቅም ነበር፤ ግን ሌላ ምን ልበል?

እማማ አስካለ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ብርቱካን ጭማቂ ይዘዋል። "ተያት!" አሉ ከውስጥ። "ልጅቷ ምን አጠፋች? በላሁ ብዬ ያታለልኳት እኔ ነኝ። ለሐኪሙም እንደዚያ ብያለሁ።"

"አይሆንም እማማ፣ አይዋሹልኝ" አልኩ። "ተናግሬአለሁ። ሁሉንም ተናግሬአለሁ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያኔ ጽዮን ከክፍላቸው ጠቅልላ ካመጣችው ዕቃ ውስጥ ያንን ካላንደር አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው።

"ንስሐ አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት ‘መድኃኒት ትወስጂያለሽ፣ ከእንግዲህ አትጾሚም’ ብለው ፈተዋታል። እኔ እያለሁ ነው ያሏት። አንቺስ እማዬ፣ ለእሷ ምን ነገርሻት? ንገሪያት፣ ለማን እንደጾምሽ ንገሪያት!"

ካላንደሩን አየሁት። በእያንዳንዱ የእኔ ቁጥር ሥር ትንሽ መስቀል አለች። እነዚያን መስቀሎች በየቀኑ አያቸው ነበር፤ የበዓል ምልክት ይመስሉኝ ነበር።

"ተስዬ ነው" አሉ እማማ አስካለ፣ ያጠፉ ሕፃን እየመሰሉ። "ሰዓቷ ሞልቶላት ትምህርት ቤቱ እንዲቀበላት። ያን ቀን ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። ሌላ ምን ልሰጣት እችላለሁ? ወንበር ላይ የተቀመጥኩ አሮጊት ነኝ።"

እኔ ምስጢራቸውን የደበቅኩላቸው መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸው የተራቡት ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ቁርሳቸውን እየበላሁ፣ "ሦስት መቶ ስድሳ ቀረኝ" እላቸው ነበር። ጽዮን እንኳ ደንግጣ ወንበር አቀረበችልኝ።

ከሥራ ተባረርኩ፤ ተገቢ ነበር። ጉዳዩ ለነርስ ረዳቶች ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ እንጂ ፈቃዴን አልነጠቁኝም። ሚስ ፋትማታ ደብዳቤውን አልጻፈችም። ያለ አለቃ ደብዳቤ ትምህርት ቤቱ ሰዓቱን ስለማይቀበል ስድስት መቶ አርባዋ ሰዓት ከክሊኒኳ ሰዓት ጋር ሄደች። ሮክቪል ሌላ ቦታ እስክቀጠር ወራት ፈጀብኝ። ለምን እንደተባረርኩ ሲጠይቁኝ ተናገርኩ፤ ሦስት ቦታ በዚያው ሸኙኝ፣ አራተኛው ቀጠረኝ። ከዜሮ ጀመርኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እንደ እኔ ለትምህርት ሰዓት የምትቆጥሩ ልጆች ትኖራላችሁ፤ ወይም እናታችሁን ለአንዲት የሀበሻ ልጅ አደራ ሰጥታችሁ ሥራ የምትሄዱ። ትልቅ ሰው ማክበር እሺ ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። "እማማ፣ እሺ አልልም፤ ጽዮንን ልጥራና ሦስታችን እንነጋገር" ብል ይቆጡኝ ነበር፣ ያኮርፉኝ ነበር፤ በቃ፣ ከዚያ በላይ ምንም አይመጣም ነበር። ደግሞ አንዲት ምልክት ነካ አድርጌ የማልፈው ነገር ሌላ ሰው እጅ ላይ መርፌ ሆኖ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። ሆኖም ተምሬአለሁ ብዬ ለመኩራራት አይደለም፤ ያች ክፍል ውስጥ ሳልናገር የቆምኩባት ጊዜ አሁንም ትመጣብኛለች፣ አብዛኛውን ጊዜ መኪና እየነዳሁ።

እማማ አስካለ አሁን ውድብሪጅ ጽዮን ጋ ናቸው፤ ጽዮን አንዱን ሥራ ትታ ምድር ቤት ያለው ቤት ተከራየች። ይቅር ብላኛለች ማለት አልችልም፤ ግን በር ትከፍትልኛለች። መጀመሪያ የሄድኩ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ገና ሳልቀመጥ፣ "ስንት ቀረሽ?" አሉኝ።

"መጀመሪያ ይብሉ፣ ከዚያ እነግርዎታለሁ።"

እንቁላላቸውን እስኪጨርሱ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ጨረሱ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ጠበቁኝ።

"ሁሉም ቀረኝ፣ እማማ። አንድ ሺህ።"

እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ዓይናቸው ውስጥ ያንን ነገር አየሁት፤ ሊሳሉ ነው። ቀደምኳቸው።

"መሳልዎ ካልቀረ በሌላ ይሳሉልኝ። በየቀኑ ቁርስ ሊበሉ ይሳሉልኝ። አንድ ቀን እንኳ ቢዘሉ ስለቱ ፈረሰ ብዬ አኮርፋለሁ።"

ጽዮን ከወጥ ቤት ስትስቅ ሰማኋት። እማማ ለረጅም ጊዜ አሰቡ፤ እንደዚህ ያለ ስለት ይኖር እንደሆነ የሚመረምሩ ይመስላሉ። "ይሁን እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ ጽዮን ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት የባዶ ሳህን ፎቶ ትልክልኛለች። ዛሬም ልካለች። እኔ ሰዓቴን ሞልቼ በዚህ ዓመት አመልክቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው፤ ድርሰት ጻፊ ሲሉኝ የጻፍኩላቸውም ይህንኑ ነው፣ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ፎቶውን አየሁት፤ ሳህኑ ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል፣ ዳር ላይ ትንሽ የእንቁላል አስኳል ብቻ ቀርቷል።

ባዶ ሳህን አይቼ የማምን ሰው አይደለሁም። ደወልኩ።

"እማማ፣ ቁርሱን ማን በላው?"

"እኔ ነኝ" አሉ፤ አፋቸው ሙሉ ነበር።